የዘቢብ ፍንጭት

ማክሰኞ ጠዋት በዘቢብ የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ከትናንቱ እጥፍ ሆኖ ነበር። ስመኝ ነርስ ናትና መደንገጥ ነበረባት። እሷ ግን መስታወት አምጥታ «ፍንጭት ወጣልሽ፣ ሙሽራዬ!» ብላ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ዘቢብ ከላንቃዋ የፈሰሰው ደም አፍኗት ሞታ ተገኘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገጀረት በሚባለው ሰፈር ባለች ትንሽ የግል ክሊኒክ ዶክተር ገብረመድኅን የልጅቷን ጠባብ የላይኛ መንጋጋ በግራና በቀኝ ቆርጦ፣ ላንቃዋ ላይ ብሎን ያለው ብረት አሰረላት። ብሎኑ በየጠዋቱ በትንሽ ቁልፍ ሩብ ዙር ሲዞር አጥንቱ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ጥርሶቹም ለጊዜው ይራራቃሉ። ቁልፉን የምትይዘው ስመኝ ብቻ ናት። ስለዚህ ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ።

የፖሊሱ ሻምበል ደጉ ረቡዕ ማለዳ መጣ።

«ስንት ጊዜ አዞርሽው?»

«እስከ ሰኞ አምስት ጊዜ፣ ጌታዬ።»

«ቁልፉን ለሰው ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«በፍጹም! ስተኛም አንገቴ ላይ ነው።»

«ልጄ፣ ራስሽን ለማሳሰር እኔን አልጠበቅሽም» አለና ከሟቿ አፍ የወጣውን ብረት በማጉያ መነጽር ያየው ጀመር።

ከቀብር መልስ ሁሉንም ክሊኒኩ ውስጥ በነበረው የዘቢብ ክፍል ሰበሰባቸው፤ ዶክተሩን፣ ስመኝን፣ የዘቢብን እጮኛ ጸሃየንና እናቷን ወይዘሮ ኣብርሄትን። ለሰርጉ የተጀመረው መሶብ አልጋው ሥር እንደተቀመጠ ነው።

«ዶክተር፣ ብሎኑ ስንት ጊዜ ዞሯል?»

«አሥራ አንድ ጊዜ። አሥራ ሁለተኛው መሃል ላይ ቆሟል።»

«እናንተ መሃል ላይ ታቆማላችሁ?»

«የለም። እስከ መጨረሻው ካልተገፋ በማግስቱ ቁልፉ አይገባም።»

«እንግዲያው የመጨረሻው እጅ ሥራውን የማያውቅ እጅ ነው። ቁልፉ የሚገባበት የብሎኑ ቀዳዳ ጠርዝም ተቧጭሯል፤ ይቺ ደነዝ ቁልፍ አትቧጭርም። አቶ ጸሃየ፣ ሰኞ መጥተው ነበር?»

«በምሳ ሰዓት። ስመኝ ወጥታ ነበር። እማማ ኣብርሄት መሶቡን እየሰፉ፣ ተኝታለች ብለው ከበር መለሱኝ።»

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ መሶቡን አነሳ። «ስፌቱ ዙሩን ሳይጨርስ ቆሟል፤ ሣሩ እንደተንጠለጠለ ነው። ወይዘሮ ኣብርሄት፣ ወስፌዎ የት አለ?»

ሴትዮዋ ከነጠላቸው ሥር አወጡት። ጫፉ ተጣሟል።

«እወ፣ በወስፌዬ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ዶክተር በሰባተኛው ቀን አቆማለሁ፣ ከዚያ ጥርሷ መልሶ ይገጥማል አለ። ከልጅነቷ አፈ ክፍት እያሉ ሲሰድቧት እኔ አንገቴን ስደፋ ኖርኩ። ለሰርጓ እንኳ ፍንጭት ትሁን፣ አማቶቿ ይዩልኝ አልኩ። ጓለይም፣ ልጄ ራሷ፣ ‹ትንሽ ጨምሪልኝ ኣደየ› ብላ እኔን እናቷን ለመነችኝ። ኋላ ከአፏ ደም ሲመጣ፣ አፍሬ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።»

ጸሃየ ቀና አላለም። «እኔ ሳጫት ፍንጭት አልነበራትም፣ እማማ።»

ሻምበሉ ወደ ስመኝ ዞረ። «አንቺ ነጻ ነሽ። ሂጂ።»

እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ማክሰኞ ጠዋት የክፍተቱን መስፋት አይቼዋለሁ። ቁልፉም አልገባ ሲለኝ ነገ ይሁን ብዬ ተውኩት። ለዶክተር አልነገርኩም። መስታወት ነው ያመጣሁላት።»

ደጉ የብዕሩን ክዳን ገጠመ።

«ለዚህ አንቀጽ የለኝም፣ ልጄ።»

ሻምበሉ እናቲቱን ይዞ ወጣ። ፀሐይ ስትጠልቅ ስመኝ አልጋውን አነጠፈች፤ መስታወቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ወጥታ በሩን ዘጋች፤ ቁልፉንም እስከ መጨረሻው አዞረችው።