የቀስ በሉ መዝገብ

የዓለም ጦርነት ካበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ በመጋቢት ወር መጀመሪያ፣ የአውራጃው የጤና ተቆጣጣሪ መቶ አለቃ በበቅሎ ወንዙን ተሻግረው ከኮረብታው ሥር ካለችው ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ደረሱ፤ በቦርሳቸውም ያልተፈረመ የዝውውር ደብዳቤ ይዘው ነበር።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢም መርፌ ወጊም እርሱው፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ የተከበረ ስም ነበረው፤ አገሬው ግን የሚያውቀው «ቀስ በሉ» በሚል ቅጽል ነው፤ በሽተኛ ሲገለበጥ፣ ቁስል ሲፈታ፣ ከአፉ የማትለየው ቃል እርሷ ነበረችና። ሚስቱ በከተማ አስተማሪ ነበረች፤ ተለያይተው ሲኖሩ ስድስት ዓመት ሞላቸው፤ ትቷት ሲመጣ እቅፍ ውስጥ የነበረችው ልጁም ፊደል ለይታ «አባባ መቼ ትመጣለህ?» ብላ መጻፍ ጀምራለች። የዝውውር ደብዳቤው ወደ እነርሱ የሚመልሰው ነበር።

መቶ አለቃው መዝገቡን ገለጡ። ሁለት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ «ዳነ»፣ ሌላው «ሞተ»፤ ዘንድሮ የተኙት ሁሉ በሁለተኛው ሥር ናቸው።

«አርባ አንድ ሰው!» አሉ መነጽራቸውን አውርደው። «ወረርሽኝ አልገባ፤ ምን ብታደርጋቸው ነው እንዲህ የረገፉት?»

«ጌታዬ፣ ሆስፒታሉ ‹ከእንግዲህ አይድንም፣ ውሰዱት› ብሎ የመለሳቸው ናቸው። ሁለትና ሦስት ቀን በቃሬዛ ተጉዘው ይመጣሉ።»

«እዚህስ ምን ያገኛሉ?»

ቀስ በሉ ወደ ውስጠኛው ክፍል መራቸው። አልጋው መንገዱ ለበሽተኛው እንዲታይ ወደ መስኮቱ ተጠግቷል፤ በላዩ የተኛው አናጺ ዳሌው ላይ በወጣ ዕጢ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል። ሚስቱ ንጹሕ ጨርቅ በውኃ እየነከረች ከንፈሩን ታርሳለች። ቁስሉ በየጧቱ ስለሚታጠብ ክፍሉ የሳሙና እንጂ የሌላ ነገር ሽታ አልነበረውም።

«ሊቆጥሩኝ ከሆነ የመጡት ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ገና አልሞትኩም» አለ አናጺው።

«ተው አንተ! ትልቅ ሰው ፊት!» አለች ሚስቱ፤ ሳቋ ግን አመለጣት። ከዚያም ወደ መቶ አለቃው ዞራ፣ «አይፍረዱበት ጌታዬ። ከሆስፒታል ስናመጣው ጩኸቱ መንደር ያናውጥ ነበር፤ ልጆቼ እንዳይሰሙ ለእኅቴ ሰጥቻቸው ነበር። እዚህ በሚሰጠው ማስታገሻ ነው አደብ የገዛው። ትናንት ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ዋለ» አለች።

መቶ አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም። ወደ ውጪው ክፍል ሲመለሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝ፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አራት ወር ነው የቀረው። አርባ አንዱን እንደምንም አስረዳልሃለሁ፤ አርባ ሁለተኛ ግን እንዳላይ። ይህን ሰውዬ አትመዝግበው፤ እንደ እንግዳ ይተኛ። እኔም አላየሁም። ደብዳቤህን አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«ማስታገሻው፣ ሞርፊኑ፣ ከግምጃ ቤት የሚወጣው በመዝገቡ ስም ልክ ነው ጌታዬ። እስካሁን የሰጠሁት ካለፈው ሰው የተረፈውን ነው፤ እርሱም ነገ ያልቃል። ስሙ ካልሰፈረ ጠብታ አይሰጡኝም።»

«እሱን እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉና ብዕራቸውን አወጡ።

ቀስ በሉ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። ሚስቱ ናፍቃዋለች፤ የልጁን የአሁን መልክ ከፎቶግራፍ በቀር አያውቀውም፤ ለአንድ አፍታም፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ አናጺውን ጠላው። በዚህ መካከል ከውስጥ የሴትዮዋ ድምፅ ተሰማ፤ ባሏን ድሬሰሩ እንዳስተማራት ትራስ ከጀርባው ደግፋ ወደ ጎን እያዞረችው ነበር።

«ቀስ... ቀስ በል የኔ ጌታ።»

ድሬሰሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ብዕሩን በቀለም ነክሮም የአናጺውን ሙሉ ስም በአርባ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጻፈ። መቶ አለቃው ቀለሙ እስኪደርቅ ተመለከቱ፤ ደብዳቤውን አጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱት፤ ሲወጡም ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ነሡት።

አናጺው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረ። ዝውውሩ ግን የተፈቀደው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ቀስ በሉ ከተማ ሲደርስ በር የከፈተችለት ልጃገረድ «ማንን ፈልገው ነው?» አለችው።

ዛሬ በአውራጃው ቤተ መዛግብት ያች ክሊኒክ የምትታወቀው «በዘመኑ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሞተባት» በሚል አንድ መስመር ነው፤ ያንን ቁጥር ጠቅሰው ስለ ድሬሰሩ ቸልተኝነት የጻፉም አሉ፤ አይፈረድባቸውም፣ ቁጥሩ እውነት ነው። ከዓምዱ ውጪ፣ በገጹ ጠርዝ ላይ፣ በየስሙ አንጻር በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ፤ «ከእናቷ ጋር አውርታ» ይላል አንዱ፤ «ሾርባ አምሮት፣ ቀምሶ» ይላል ሌላው። በአርባ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ «ልጆቹ አጠገቡ እየተጫወቱ፤ ሳይጮኽ» ይላል። እርሳሱ ደብዝዟል፤ ለማንበብ መዝገቡን ወደ መስኮት ማስጠጋት ያስፈልጋል።