ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት

ኢሊንካ አምስቱን ወረቀት ፈረመችና ስድስተኛው ላይ እጇ ቆመ።

«ይኼኛው ቀን የለውም» አለች።

ኤቶሬ ከጠረጴዛው ማዶ ፈገግ አለ። የጫማ ፋብሪካው የእናቱ ነው፤ ቅጥሩንና የሠራተኛውን ወረቀት የሚይዘው ግን እሱ ነበር። «ልማድ ነው» አላት። «እዚህ ሴት ስትቀጠር ቀን የሌለው መልቀቂያ አብራ ትፈርማለች። ሁሉም ፈርመዋል። መሳቢያ ውስጥ ገብቶ አቧራ ይጠጣል፣ በቃ።»

«ሥራ ሳልጀምር ልልቀቅ?»

«አንቺን ደግሞ ማን ያስለቅቅሻል!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ያምር ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ያምር ነበር። ፈረመች።

ከሩማንያ ከመጣች አራት ወሯ ነው። አገሯ ገና የአውሮፓ ኅብረት አባል አልሆነችምና የመኖሪያ ፈቃዷ በሥራዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሥራ ከሌለ ፈቃድ የለም። ያቺ በጣሊያን፣ የማርኬ ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ደግሞ ከጫማ በቀር ሌላ ሥራ አታውቅም።

የአገሩን ደንብ ያስተማራት ኤቶሬ ነው። ጠዋት ስትገቢ ለእያንዳንዱ ሰው ሰላምታ ስጪ፤ አንዱን ከዘለልሽ ሳምንቱን ሙሉ ያኮርፍሻል። ማሽን ላይ ዳቦ መግመጥ ነውር ነው፤ ሁሉም እኩል ተቀምጦ ይበላል። ልደትሽ ሲደርስ ኬክ ይዘሽ የምትመጪው አንቺ ነሽ እንጂ ሌላው አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን እናቴን፣ ሲኞራ ኦዲላን፣ በሰው ፊት «ተሳስተዋል» እንዳትያት።

«ብትሳሳትስ?»

«ከምሳ በኋላ፣ ለብቻዋ፣ ሐሳቡ የራሷ እስኪመስላት አድርጎ መንገር ነው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት የኖርኩት እንዲህ ነው።»

ኢሊንካ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ብሆን ያኔውኑ ሻንጣዬን አነሳ ነበር፤ ግን ልብ አንዴ ከሸፈተ ማን ይመልሰዋል?

ኤቶሬ በቀን አሥር ጊዜ በማሽኗ አጠገብ ያልፍ ጀመር። አይናገርም። ቀና ስትል ዓይኑ ይጠብቃታል፤ መርፌው ቆዳውን ስቶ ይሄዳል። ከጎኗ የምትሰፋው ሰቲሚያ ሠላሳ ዓመት በዚያው ወንበር ላይ የኖረች ሴት ናት።

«ልጄ፣ የአሠሪ ልጅ በማሽንሽ ዙሪያ የሚመላለሰው ዘይት ሊቀባልሽ እንዳይመስልሽ።»

«ሰቲሚያ ደግሞ!»

«እኔ ምን አገባኝ። ዓይኔ ግን ይሠራል።»

ክረምቱን ተደብቀው፣ ጸደዩን እምብዛም ሳይደበቁ ተዋደዱ። በግንቦት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ እንደተቀመጡ፣ ማርገዟን ነገረችው። ቁጣም ክህደትም ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ተንበርክኮ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጠፈና አለቀሰ። የሚያልፉት ሰዎች ዞረው እስኪያዩት አለቀሰ።

«ሴት ከሆነች ቪዮላ ነው ስሟ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «የሐኪሙን ወረቀት ለቢሮ አልሰጠሽም አይደል?»

«ሰኞ እሰጣለሁ።»

«ትንሽ ቆዪ። ወረቀቱ ከገባ ሕጉ ከልሎሻል፤ ማንም አይነካሽም። ግን እማማ ከወረቀት እንድትሰማው አልፈልግም። እኔው በዘዴ ልንገራት።»

ደንቡን የሚያውቀው እሱ ነው ብላ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ አኖረችው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ሳምንታት በሕይወቷ ያላየቻቸው ናቸው። የቼሪ ፍሬ በኩባያ ያመጣላታል። ከባድ ቆዳ እንዳታነሳ እሱ ይሸከምላታል። የሕፃን አልጋ አናጢ ቤት ሄዶ አዘዘ፤ እንጨቱን ራሷ እንድትመርጥ ይዟት ሄደ። «ነገርካት?» ስትለው «ልነግራት ነው፣ ልነግራት ነው» ይላታል።

ሰኞ ጠዋት ሲኞራ ኦዲላ አስጠራቻት።

«ልጄ፣ ስለምትሄጂ አዝነናል» አለች፣ ወረቀቱን ወደ እሷ እየገፋች። «ማስጠንቀቂያሽን በደንቡ ሰጥተሻል፤ አሥራ አምስት ቀኑም ሞላ።»

የራሷ የኢሊንካ ፊርማ ነው። ከጎኑ ቀን ተጽፎበታል።

«እኔ መልቀቂያ አላስገባሁም! ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሲኞራ። የልጅዎ ልጅ ነው!»

በሩ ክፍት ነበርና ፋብሪካው ሁሉ ሰማ። ሲኞራ ኦዲላ መነጽሯን አወለቀች። «እርግዝና የሚል ወረቀት ቢሮዬ ደርሶ አያውቅም» አለች በእርጋታ። «ኬክ አምጥተሽ ሠራተኛውን ተሰናበቺ። ደንብ ነው።»

ኢሊንካ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እናንተም ፈርማችኋል! ተናገሩ እንጂ!» አንዷም ቀና አላለችም። ሰቲሚያ ክሯን በጥርሷ በጠሰችና አዲስ ክር አስገባች።

ኤቶሬን ቆዳ መጋዘኑ ውስጥ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እናቴ ናት» አለ ሳትጠይቀው።

«ቀኑን ማን ጻፈው?»

 ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። ጽሕፈቱ የእሱ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ያቺ ቅዳሜ።

«የዚያኑ ዕለት ቤትሽ አድርሼሽ ስመለስ ነገርኳት» አለ። «ወይ እሷን ወይ ፋብሪካውን አለችኝ። ሌላ ሰው ከሚጽፈው እኔ ብጽፈው ይሻላል ብዬ...»

«አሥራ አምስቱን ቀንስ? አልጋውንስ?»

«እስኪያልቅ ድረስ ደስ ብሎሽ እንድትቆዪ ብዬ ነው። ያለቀስኩት ግን እውነቴን ነበር። በእናቴ እምላለሁ!»

አልዋሸም። ዓይኑን አይታ እንዳልዋሸ አወቀች፤ ይኼ ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። ቢዋሽ ኖሮ ትረግመውና ይወጣላት ነበር። ጥላው ወጣች። ኬክም አላመጣች።

ቦሎኛ ከተማ ሄዳ የአንዲት አሮጊት አስታማሚ ሆነች፤ ፈቃዷን በስንት መከራ አሳደሰች። ሴት ልጅ ወለደች። ቪዮላ አላለቻትም፤ ዳና አለቻት።

ልጅቷ መራመድ ስትጀምር፣ በመስከረም አንድ ሣጥን በፖስታ መጣ። ደብዳቤ የለውም፤ ትንሽ የቆዳ ጫማ ብቻ። አድራሻዋን ለኤቶሬ የሰጠችው ሰቲሚያ ናት፣ ጸጸት ሲበላት። ኢሊንካ ጫማውን ልትወረውር አነሳችና ልጅቷ እግር ላይ ለካችው። ልክ ነው። ብርዱ ደርሷል፤ ሌላ ጫማ ደግሞ የላትም።

በየዓመቱ በመስከረም ጫማ ይመጣል፣ በየዓመቱም ልክ ይሆናል። ዳና አምስት ዓመት ሲሞላት፣ በሣጥኑ ላይ ያለውን የፋብሪካውን ማኅተም በጣቷ እየነካች ጠየቀች።

«እማ፣ ማን ነው የሚልክልን?»

«ድሮ እሠራበት የነበረ ቤት ነው።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው?»

ኢሊንካ አጎንብሳ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችላት።

«ጫማ መሥራት ያውቃሉ» አለቻት።