ያልደረስንበት ቁጥር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ፣ አባቴ መሪጌታ ቢሆኑም ቤታችን ውስጥ ስለ መንፈስ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምወጣው እኔ ነበርኩ፣ ባዮሎጂ የተማረች ልጅ ምን ትፈራለች እያልኩ። አሁንም አምናለሁ አልልም፣ የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው፣ ወላሂ አንድ ቃል አልጨምርም (አባቴ ይህችን መሐላ ቢያነቡ የመሪጌታ ልጅ እንዲህ ትምላለች ወይ ይሉኛል፣ ግን መካነ ሰላም ውስጥ ወላሂ ያላለ ማን አለ)።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የወጣቶች ማኅበር ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል መደበኝ። ካርድ ክፍል የምላችሁ አንድ መስኮትና አንድ ወንበር ያላት ጠባብ ክፍል ናት፣ ግድግዳዋ ሁሉ የእንጨት መሳቢያ ነው። ካርዶቹ የሚደረደሩት በቁጥር ነው፣ በሽተኛው ቁጥሩ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ይዞ ከመጣ ካርዱ ወዲያው ይገኛል፣ ግን ማን ይዞ ይመጣል፣ ወይ ዝናብ ያበሰብሳታል ወይ ልጅ ያኝካታል፣ ስለዚህ ሰው በመጣ ቁጥር አዲስ ካርድ ይወጣለትና የአንድ ሰው ሕመም አራት ቦታ ተበትኖ ይቀራል።

የጤና ረዳቱ ጋሽ እንድሪስ መላ ፈልጊ አሉኝ፣ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ሰውን በምን እንፈልገው? ቁጥሩን ቢረሳ ስሙን አይረሳም፣ ስለዚህ አንድ ደብተር በራሱ ስም፣ አንድ በአባቱ ስም፣ አንድ ደግሞ በቀበሌው አዘጋጀሁ፣ ሁሉንም ከሀ እስከ ፐ ደርድሬ በየመስመሩ ጫፍ የካርዱን ቁጥር ጻፍኩ። በአንዱ ያጣነውን በሌላው እናገኘዋለን ማለት ነው፣ እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም። በእናት ስም አራተኛ ልጀምር ስል ግን ጋሽ እንድሪስ ደብተር አልቋል፣ ሦስቱ ይበቃል፣ ደሴ ሆስፒታልን እዚህ ልታመጪብን ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ፣ እኔም ተውኩት።

ድምፁን መስማት የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። ጠርርር የሚል፣ አንድ ሰው በአውራ ጣቱ የካርዶቹን ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ሲያስኬድ የሚሰማው ዓይነት፣ እኔ ራሴ በቀን ስንት ጊዜ የማሰማው ድምፅ ስለሆነ መቼም አይጠፋኝም። ከውጭ ሆኜ ስሰማው እገባለሁ፣ ማንም የለም። አይጥ ነው አልኩ። አይጥ አንዴ ይቧጥጣል እንጂ ካርድ በካርድ እንደማይሄድ ልቤ ያውቃል፣ ቢሆንም አይጥ ነው አልኩ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ከዓባይ በኩል የወጣው ጉም ግቢውን ሞልቶት አንዲት እናት ልጅ አዝላ መጣች። ዘነቡ ትባላለች፣ ከቆላው ዳርቻ ከሌሊት ጀምራ የተጓዘች ናት። ልጁ ሁለት ዓመት አይሞላውም፣ ደረቱ ያፏጫል፣ የጎድን አጥንቱ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይገባል። ጋሽ እንድሪስ አዳምጠው የሳንባ ምች ነው አሉና መርፌውን ምድጃ ላይ ጣዱ፣ ያን ጊዜ ሴትዮዋ እጃቸውን ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ዘነቡ ራሷ ታማ ተኝታ ሳለ የባሏ እህት ልጁን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስወግታው ነበር፣ በመርፌው ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ፣ በመከራ ነው የተረፈው፣ ካርዱም ላይ ተጽፎለታል ብላ ነግራታለች። የቱ ጤና ጣቢያ እንደሆነ ግን ዘነቡ አልጠየቀችም፣ የባሏ እህትም ወዲያው በሰፈራ ወለጋ ሄዳለች። ጋሽ እንድሪስ ጭንቅ ውስጥ ገቡ፣ ያ መርፌ ፔኒሲሊን ከሆነ ይገድለዋል፣ ካልሆነ ደግሞ ያለ ፔኒሲሊን ሊሞት ይችላል፣ ሌላው መድኃኒት ሦስት ጠርሙስ ብቻ የቀረ ሽሮፕ ነው፣ ያለ ማስረጃ አይነካም የሚል ትእዛዝ አለበት።

«መርፌው ፈልቶ እስኪወጣ ካርዱን ፈልጊ» አሉኝ።

ደብተሬን ገለጥኩና «ስሙ ማን ነው?» አልኳት።

«ስም የለውም።»

«እንዴት ስም አይኖረውም፣ ክርስትና አልተነሳም?»

«ተነስቷል። እኔ ነኝ የማልጠራው» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከእሱ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች፣ ስማቸውን እየጠራሁ ስላቆላመጥኳቸው ነው የተወሰዱብኝ ብላ ታምናለች። ስለዚህ አባቱ ጣለው ይለዋል፣ ጎረቤት ምትኩ ይለዋል፣ የባሏ እህት ምን ብላ እንዳስመዘገበችው አላህ ይወቀው አለችኝ፣ ክርስቲያን ሆና እንዲሁ ነው ያለችው።

ጣለው አልኩ፣ ሦስት ጣለው አገኘሁ፣ ሦስቱም ባለ ጢም። ምትኩ አልኩ፣ የለም። በአባቱ ስም ፈለግኩ፣ የለም፣ በቀበሌውም የለም። ያ የኮራሁበት ደብተር እጄ ላይ ከበደኝ፣ ስም ያለውን ሰው ሁሉ ጽፌያለሁ፣ ስሙ ለተደበቀ ልጅ ግን አንድ ገጽ አልተውኩም። ከማዶ የውሃው መንተክተክ ይሰማኛል።

ያኔ ነው ከካርድ ክፍሉ ጠርርር ያለው። ረጅም፣ ሳይቸኩል፣ ከዚያ ቆመ።

በሩን ከፈትኩት። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ክፍሏ ነጥታለች። የታችኛው መሳቢያ አራት ጣት ያህል ወጥቷል፣ እመኑኝ ጠዋት ራሴ ነኝ የዘጋሁት፣ ከካርዶቹ መካከል አንዲት ካርድ ከፍ ብላ ቆማለች። አወጣኋት። ስም የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የእናት ስም፣ ዘነቡ። ከሥሩ በቀይ ቀለም፣ ፔኒሲሊን እንዳይወጋ።

ጋሽ እንድሪስ አንብበው ምድጃውን አጠፉና ሽሮፑን ከፈቱ። ልጁ አራት ቀን ተኝቶ ታከመ፣ በአምስተኛው ቀን የእናቱን ነጠላ እየጎተተ በእግሩ ወጣ።

ካርዷን ልመልስ ስል ነው ቁጥሯን ያየሁት፣ 2417 ይላል። እኛ ገና 2340 ላይ ነን። ለጋሽ እንድሪስ አሳየኋቸው፣ መዝገቡን አገላብጠው ተሳስተሽ ጽፈሽው ይሆናል አሉኝ፣ ጽሕፈቱ የኔም የእሳቸውም አለመሆኑን ግን ሁለታችንም እናያለን። ሌላ ጤና ረዳት አምና ጽፎት ይሆናል፣ ቁጥሩንም ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ጳጉሜ ላይ ዘነቡ ደብዳቤ ይዛ መጣች፣ ከባሏ እህት ከወለጋ የመጣ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይቻለሁ፣ የእጅ ጽሕፈት ግን ይምታታብኛል፣ አንብቢልኝ አለችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ እወዳለሁና አነበብኩላት፣ ሰላምታው አልቆ ስለ ልጁ ሲደርስ ግን ድምፄ አነሰ። ያን ጊዜ ያስወጋሁት አጅባር ጤና ጣቢያ ነው፣ መካነ ሰላም አልረገጥንም ይላል።

ጋሽ እንድሪስ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። «እንግዲያው እኛ ዘንድ ካርድ የለውም ማለት ነው፣ አውጪለት» አሉኝ።

መዝገቡን ገለጥኩ። የመጨረሻው ቁጥር 2416 ነበር።

አዲስ ካርድ አላወጣሁም፣ የነበረችውን አመጣሁ። ዘነቡ ግራ ቀኝ አየችና ጎንበስ ብላ የልጁን ስም በጆሮዬ ነገረችኝ፣ እኔም እስክሪብቶዬን አነሳሁ፣ ከዚያ አስቀመጥኩት። ቦታውን ባዶ የተወው ማንም ይሁን ማን፣ ረስቶ የተወው አልመሰለኝም።

እኔ አሁን ትምህርት ጀምሬያለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እሄዳለሁ። ከዚያች ካርድ ኋላ ያለውን የመሳቢያ ክፍል ፈትሼ አላውቅም፣ ጋሽ እንድሪስም ፈትሺ አላሉኝም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ካርድ ክፍል ሲገቡ፣ ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ፣ በሩ ላይ ቆም ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። መጀመሪያ ሳቅሁባቸው። አሁን እኔም እጠርጋለሁ።