የእሜቴ አፍ ንጹሕ ነበር

ኢንስፔክተር ሰዓዲያ ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ወዳለው የዱር እንስሳት ማቆያ ስትደርስ ሁለት ሬሳ ጠበቃት፤ አንዱ የሰው፣ አንዱ የጅብ።

ሰውየው በግንብ በተከበበው የጅቧ ግቢ ውስጥ፣ ከእንጨቱ ማማ ሥር፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንጋሏል። ጭንቅላቱ ያረፈው ደም በለበሰ ድንጋይ ላይ ነው። ጅቧ ከእሱ ራቅ ብላ ደረቷን በጥይት ተመትታ ወድቃለች። አንድ የኋላ እግር የላትም። ላምበረት አካባቢ የጭነት መኪና ገጭቷት ያመጧት ናት፤ የማቆያው ሠራተኞች «እሜቴ» ይሏታል። ዝናቡ ካባራ ትንሽ ቆይቷል፤ ከማማው ጣውላ ላይ ውሃው ገና ጠብ ጠብ ይላል።

«ይሄኛው እንኳን ብዙ የሚያለፋ አይመስለኝም» አለ ረዳቷ ሳጅን ቃልአብ። «ኢዩኤል ይባላል፣ መሐንዲስ ነው። ከነቤተሰቡ ሊጎበኝ መጥቶ ከማማው ወደቀ። ጅቧ ጨረሰችው፤ ጠባቂው ደግሞ እሷን ጨረሳት።»

ሰዓዲያ «ኢና ሊላሂ» አለች በለሆሳስ። ከዚያ ሰውየውን ትታ ወደ ጅቧ ሄደችና ቁጢጥ አለች። ጓንት ባጠለቀ ጣቷ የጅቧን ከንፈር ገለበጠች።

«ና እስቲ እይ።»

«ምን ልይ?»

«ደም።»

ቃልአብ አጎንብሶ ያረጁትን ጥርሶች አንድ ባንድ ተመለከተ። «የለም እኮ!»

«እሱን ነው እይ ያልኩህ።»

በሟቹ ገላ ላይም የንክሻ ምልክት አልነበረም። የጅቧ ኮቴ እስከ አጠገቡ መጥቶ፣ እዚያው ዞር ዞር ብሎ ተመልሷል። ሰዓዲያ የሟቹን ትከሻ ቀስ ብላ አነሳችው። ዙሪያው ሁሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ ከጀርባው ሥር ያለው አፈር ደረቅ ነበር፤ አቧራው እንኳ አልረጠበም። የሸሚዙ ፊት ግን ተጨምቆ ያላለቀ ልብስ ይመስላል። የቀኝ እጁ ጣቶች መሬቱን ቧጠዋል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ እርጥብ ጭቃ ሞልቷል።

«ሳይዘንብ ነው የወደቀው» አለች። «ሲዘንብበት ደግሞ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። አንድ ሰው ቢደርስለት ኖሮ…» አልጨረሰችውም።

ከሬሳው አለፍ ብሎ አንድ ቀይ ባለኮፍያ ጃኬት ወድቋል። የሟቹ ነው። ኮፍያውን ወደ ውጭ ስትገለብጠው ከውስጥ በኩል፣ መሐል አናቱ ላይ፣ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተለጥፎ አገኘች። ቀና ብላ የማማውን ቋሚዎች አየች። አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል። ጃኬቱን በከረጢት አሽጋ ለቃልአብ ሰጠችው።

ጠባቂው ሃይደር ከሥጋ ማከማቻው በር ላይ ተቀምጧል። ጠመንጃውን ፖሊሶች ወስደውበታል፤ እጆቹ ግን አሁንም የያዘ ይመስል ጉልበቱ ላይ ተጨብጠዋል።

«ተኩስ ያለህ ማነው?»

«አቶ ሀብቶም የሚባለው፣ የሟቹ ጓደኛ። ዝናቡ አባርቶ ብዙም ሳይቆይ ማማው ላይ ወጥቶ ‹እየበላችው ነው! ግደላት!› እያለ ሲጮህ ሮጬ ደረስኩ።»

«ስትበላው አየህ?»

«አጠገቡ ቆማ ነበር።»

«ስትበላው አየህ ወይ ነው የምልህ።»

«ሰውየው ‹ምን ትጠብቃለህ!› ይለኛል። እኔ እንድትርቅ ብዬ ስሟን ጠራኋት። ድምፄን ስትሰማ ወደኔ መጣች… ሁሌ ራበኝ ልትል እንደምትመጣው። ያኔ ነው የተኮስኩት።»

«ሲዘንብ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ብቻዬን።»

«ቋሚዎቹን የቀባሃቸው አንተ ነህ?»

«ዛሬ ጠዋት። ጎብኚዎቹ ሲመጡ እንዳትነኩ ብያቸዋለሁ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ባልና ሚስቱ ከበሩ ጀምሮ ይጨቃጨቁ ነበር። እሱ ‹ሰውየው ታስሮ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም› ይላል፤ እሷ ‹ሰኞ ከሄድክ ልጆችህን እንደገደልካቸው ቁጠረው› ትለዋለች።»

ሚስቱ ሩሃማ ትኬት መቁረጫው ክፍል ውስጥ ናት። ፊቷ ከለቅሶ ብዛት አብጧል። ከባሏ ተኳርፋ ወደ ዝንጀሮዎቹ አጥር እንደሄደች፣ ዝናቡ ሲመጣ እዚያው ቆርቆሮ ሥር ብቻዋን እንደተጠለለች ነገረቻት።

«በምን ተኳረፋችሁ?»

«የቤት ጉዳይ ነው።»

«ሰኞ የት ሊሄድ ነበር?»

ሩሃማ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት ወዲያና ወዲህ አዞረችው። «ባሌ ሞቷል፤ ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ?» አለች።

አባቷ አቶ ዱባለ ከመኪናው አልወረዱም። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ወደ ማማው ጨርሶ አልወጡም፤ መኪና ማቆሚያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ግን ማማው በመስኮት ይታያል።

«ከማን ጋር ነበሩ አባቴ?»

«መጀመሪያ ብቻዬን። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ሀብቶም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፤ እስኪያባራ አብረን ነበርን።»

«ኢዩኤልን አዩት?»

«አየሁት እንጂ! በጌታ ፊት እመሰክራለሁ። ሀብቶም ‹ጋሼ፣ ይሄን እብድ ይዩልኝ፤ በዚህ ዝናብ ማማው ላይ ተገትሯል› አለኝ። ብመለከት በዚያ በቀይ ጃኬቱ ቆሟል።»

«ፊቱን አዩት?»

«ልጄ፣ መስታወቱ ላይ ውሃ ይወርዳል፣ ዓይኔም ደክሟል። ጃኬቱን ግን አልስተውም።»

«ሲንቀሳቀስስ?»

ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ማማው ዞሩ። «ሲንቀሳቀስ እንኳ አላየሁትም።»

ሀብቶም ራሱ ጋ የሄደችው በመጨረሻ ነው። ኦሎምፒያ ካለው የምሕንድስና ቢሮ የኢዩኤል ሸሪክ ነው፤ የዕለቱን ጉብኝት ያሰናዳውም እሱ ነው። ከዝናቡ በኋላ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ፖሊሶቹ ሁሉ አንገታቸውን ቀብረዋል። እሱ ግን የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎታል። ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር በብርዱ ቆሟል።

«ወንድሜ ነበር» አላት። «ሰሞኑን ከሚስቱ ጋር ስላልተስማሙ ንጹሕ አየር ይውሰዱ ብዬ ይዣቸው መጣሁ። ምን አደረግኩት! እዚያ ማማ ላይ ትቼው ባልሄድ ኖሮ…»

«ለምን ትተውት ሄዱ?»

«ዝናብ መጣ፣ ውረድ አልኩት። ‹ትንሽ ብቻዬን ልሁን› አለኝ።» እንባውን በመዳፉ ጠረገና ወደ ጅቧ አየ። «ከሁሉ ከሁሉ በዚህች ቆሻሻ መበላቱ! ቆዳዋን ገፍፈው ለሚስቱ ምንጣፍ ቢያደርጉላት ነበር።»

ሰዓዲያ ቃልአብን ጠርታ ስለ ሁለቱ መሐንዲሶች ቢሮ ወደ ዐቃቤ ሕግ ስልክ እንዲደውል አዘዘችው። መልሱ ሲመጣ ልጆች ስለ እንስሳት ወደሚማሩበት አዳራሽ ሁሉንም እንዲሰበስባቸው ነገረችው።

አግዳሚዎቹ ለሕፃናት የተሠሩ ስለሆኑ ሁሉም ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ሩሃማ ከአባቷ ጎን ናት፤ አቶ ዱባለ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሃይደር በሩ አጠገብ ቆሟል። ሀብቶም ፊት ለፊት ተቀምጧል።

«ከጅቧ ልጀምር» አለች ሰዓዲያ። «አፏ ውስጥ አንዲት ጠብታ ደም የለም። ሟቹ ላይም የጥርስ ምልክት የለም። እሜቴ ሰው አልበላችም።»

ሃይደር ግድግዳውን ተደገፈ። ማንም ዞሮ አላየውም።

«ታዲያ ‹እየበላችው ነው› የተባለው? ጅብና ሬሳ አንድ ላይ ከታዩ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም። ያንን ያወቀ ሰው አለ።»

«ደንግጬ ነበር!» አለ ሀብቶም። «ደም አየሁ፣ ጅብ አየሁ። ምን ልበል? ደግሞ ለጅብ ጠበቃ ይቆምላት ጀመር እንዴ?»

«እሱ ላይ እደርሳለሁ። ኢዩኤል የወደቀው ከዝናቡ በፊት ነው፤ ከጀርባው ሥር ያለው አፈር ደረቅ ነው። አቶ ዱባለ ግን ዝናቡ ሲወርድ ማማው ላይ ቆሞ አይተውታል። አቶ ዱባለ አይዋሹም። ስለዚህ ያዩት ኢዩኤልን ሳይሆን ጃኬቱን ነው።» ከረጢቱን ከፍ አደረገች። «ኢዩኤል ማማው ላይ ያወለቀውን ጃኬት አንድ ሰው ጥግ ላይ ያለው ቋሚ ላይ ኮፍያውን አጥልቆ ሰቀለው። ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤ ኮፍያው ውስጥ ቀርቷል። የሰው አናት አረንጓዴ ቀለም አያወጣም።»

አቶ ዱባለ «ጌታ ሆይ!» አሉ።

«አሁን ጥያቄው ይሄ ነው። ኢዩኤል ሲዘንብ በሕይወት እንዳለ ቢታሰብ ማን ይጠቀማል? ሃይደር በዝናቡ ጊዜ ብቻውን ነበር፤ ምንም አይጠቅመውም። ወይዘሮ ሩሃማም ብቻዋን ነበረች። አቶ ዱባለ ምስክር ነበራቸው፤ ግን ያንን ደረጃ የሚወጣ ጉልበት የላቸውም። የሚቀረው ከሽማግሌው አጠገብ ተቀምጦ ‹ይዩት› እያለ ያሳያቸው ሰው ነው። ዝናቡ እንዳባራ ከማንም ቀድሞ ማማው ላይ የወጣውም፣ ጃኬቱን ነቅሎ ወደ ታች የወረወረውም እሱ ነው።»

«ይሄ ተረት ነው» አለ ሀብቶም።

«እጅጌህን ዘርጋ።»

«ምን?»

«አንተ ብቻ ነህ በዚህ ብርድ እጅጌውን የጠቀለለ። ዘርጋው።»

ሀብቶም አልተንቀሳቀሰም። ቃልአብ መጥቶ ቀኝ እጁን ያዘና የተጠቀለለውን ሸሚዝ መለስ መለስ እያደረገ ዘረጋው። ከእጅጌው ጫፍ እስከ ክንዱ አጋማሽ አረንጓዴ ቀለም ተስቦበታል።

«ከአራብሳ ማዶ እናንተ የነደፋችሁት የድጋፍ ግንብ ተንዶ የቀን ሠራተኞች ገድሏል» ስትል ቀጠለች ሰዓዲያ። «ግንቡ ውስጥ የሚገባው ፌሮ ብረት እንዲቀነስ ያዘዝከው አንተ ነህ። የታሰረው ግን ፎርማኑ ኻሊድ ነው፤ ሠራው የተባለው እሱ ስለሆነ። ኢዩኤል ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቦ እውነቱን ሊናገር ነበር። ያኔ ፎርማኑ ላይ ጣልከው፣ ዛሬ ደግሞ ጅቧ ላይ። ሁሌም አፍ የሌለውን ትመርጣለህ።»

ሀብቶም የቆሸሸውን እጅጌ ተመለከተ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቅድም የነበረው ለቅሶ የለም። «ለመንኩት። ማማው ላይ እንኳ ለመንኩት። ‹ለአንድ ፎርማን ብለህ የሁለታችንንም ዕድሜ ታቃጥላለህ?› አልኩት። ሳቀብኝ። ገፋሁት።»

«ከወደቀ በኋላ ሲያቃስት ሰምተኸዋል?»

«ሰምቼዋለሁ» አለ ሀብቶም። «ዝናቡ ነው ያገዘኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማው።»

ሩሃማ እንደተወጋ ሰው ቃተተች። አባቷ እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«አንድ የቀረ ነገር አለ» አለች ሰዓዲያ። «ኢዩኤል እንደሚመሰክር የሚያውቁት ዐቃቤ ሕጉና የቤቱ ሰው ብቻ ናቸው። ላንተ ማን ነገረህ?»

ሀብቶም ፈገግ አለ። የዚያን ቀን ከልቡ ፈገግ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወደ ሩሃማ ዞረ። «ንገሪያቸዋ።»

ሩሃማ ወለሉን እያየች ተናገረች። «እኔ ነኝ። ደውዬ ነገርኩት። አንተን ይሰማሃልና ምከረው፣ ከቤቱ አስወጥተህ አናግረው አልኩት። ልጆቼ አባታቸው እንዳይታሰርባቸው ፈርቼ ነው። ጉብኝቱንም… ‹ጸጥ ያለ ቦታ ውሰደው› ያልኩት እኔ ነኝ።» ቀና ብላ ሰዓዲያን አየቻት። «ባልነግረው ኖሮስ?»

ሰዓዲያ ደግ መልስ ፈለገች። በዚህ ሥራ ብዙ ለቅሶ አይታለች፤ ለሐዘንተኛ የሚባለውንም ታውቃለች። ግን ሴትየዋ የጠየቀቻት መጽናኛ ሳይሆን እውነቱን ነው።

«በሕይወት ይኖር ነበር» አለቻት።

አቶ ዱባለ የልጃቸውን እጅ ለቀቁ። ምርኩዛቸውን ፈልገው ያዙና ብቻቸውን፣ እያነከሱ፣ ወደ በሩ ሄዱ። ቃልአብ ሊደግፋቸው ቢቀርብ በክርናቸው ገፉት።

ኢዩኤል በማግስቱ ተቀበረ። የኻሊድ ጉዳይ ለሌላ ቀጠሮ ተዛውሮ ነበርና ቀኑ ሲደርስ ሩሃማ ጥቁር ለብሳ ፍርድ ቤት ቀረበች። ባሏ ማታ ማታ የነገራትን ሁሉ፣ ማን ምን እንዳዘዘ፣ ማን ምን እንደደበቀ፣ ሳትንተባተብ ተናገረች። አባቷ አልመጡም። ሰዓዲያ ከኋላው ወንበር ሆና ሰማቻት።

ኻሊድ እንዲፈታ በተወሰነ ጊዜ ሚስቱ ዘሃራ እልል ብላ በመተላለፊያው ሮጠች። የሩሃማ እግር ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ሩሃማ ወደኋላ አፈገፈገች፣ ጀርባዋ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ።

«አላህ ይስጥሽ እህቴ! ባሌን መለስሽልኝ» አለች ዘሃራ እያለቀሰች።

«አትንኪኝ» አለች ሩሃማ። «በሞቴ አትንኪኝ። ባሌ ያንቺን ባል ላስፈታ ሲል፣ ተወው ይታሰር ያልኩት እኔ ነኝ።»

የዘሃራ እጆች እንደተዘረጉ አየር ላይ ቀሩ።