ቡናማዎቹ

ፈጠራ ነው የሚለኝ ይኖራል... ይበለኝ። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ። ጊዜው ጨለማ እንኳ አልነበረም፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ የቢራቢሮ ማከማቻ ክፍላችን ውስጥ።

ክፍሉ ውስጥ የምንሠራው ሁለት ነን። እኔና እታለም። እታለም የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት፤ ሥራ ያስገባችኝም እሷው ናት።

በመርፌ ተወግተው የደረቁ ቢራቢሮዎችን እያወጣን የክንፋቸውን ቀለም እንለካለን። ከትውልድ ትውልድ ቀለማቸው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ወገኖች ወደ ብዙ ዝርያ ይከፋፈላሉ ወይ? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

እታለም "አዎ" የሚል መልስ ፈልጋለች። አጥብቃ ፈልጋለች።

አንድ ሳጥን ብቻ አስቸገራት። ቡናማዎቹ... ቀለማቸው ከጥንት ጀምሮ ያው ነው፤ ዝርያቸው ግን ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ አያልቅም።

ያን ቀን ሳጥኑን ስከፍት፣ የአንዱ ክንፍ ላይ ሰማያዊ መስመር አየሁ።

ጠዋት ሳየው መስመሩ አልነበረም።

የሳጥኑ ቁልፍ ያለው እኔና እሷ ጋ ብቻ ነው።

ጥጥ አልኮል ነክሬ ቀስ ብዬ ጠረግኩት።

ጥጡ ነጭ እንደሆነ ተመለሰ... ሰማያዊው አልለቀቀም።

"እታለም..." አልኳት በሹክሹክታ። "በማይለቅ ቀለም ቀብተሽዋል?"

ፊቷ ክው አለ።

"እኔ እኮ አንተን ነው የጠረጠርኩት።"

"እኔን?!"

"ትናንት ከታችኛው ረድፍ ያሉት ላይ አየሁ። እኔን ደስ ለማሰኘት ያደረግከው መስሎኝ... ለወንድምህ እንኳ አልተነፈስኩም።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ከታች ያሉትም ሰማያዊ አላቸው።

አላመንኳትም። እሷም እንዳላመነችኝ ዓይኗ ያሳብቃል።

"ሳጥኑን ቆልፈን አለቃችንን እንጥራው" አለች። "አንዳችንም ብቻችንን እዚህ አንቀርም።"

ቆለፍን። የሁለታችንንም ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ፣ መሃላችን አስቀመጥነው። ስልክ ደወለች።

እኔ ሳጥኑን አልነበረም የማየው። እጇን ነበር። እሷም የእኔን።

ኮሽ አለ።

ዞር አልን...

በሳጥኑ የመስታወት ክዳን ሥር፣ ሰማያዊ ያላቸው አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበዋል። ከነመርፌያቸው። ቡናማዎቹ በወዲያኛው ጥግ። መሃሉ ባዶ።

ለቀው በሄዱበት ቦታ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ የለም።

"ተለያዩ..." አለች እታለም።

ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ። መጠራጠሩ እዚያው ላይ አበቃ።

"ሄሎ?" ይላል አለቃችን በስልኩ። "ሄሎ?... ማነው?"



የሳጥኑ መስታወት... ከውስጥ በኩል... በትንፋሽ እየደበዘዘ ነበር።