የቆመ ሁሉ አልደረሰም

ወጣቱ አጥኚ ዘመኑ ከብልባላ መንደር በላይ ባለችው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግድግዳ ተደርምሶበት ሞተ። መዶሻውን እንደጨበጠ ነበር። ኢንስፔክተር ሰብሌ አስከሬኑን አይታ ስትወጣ፣ የዋሻዋን ስንጥቆች የሚያጠናው ቡድን አለቃ ዶክተር ከፋለ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ምሳውን በልቶ!

«ጥፋቱ የማኅሌት ነው» አላት ስንጥሩን ሳይጥል። «ያሰላችው እሷ ናት። ስንጥቅ የለም ስትለን ዘመኑ መሣሪያ ሊተክል ገባ። እኔም አብሬው ነበርኩ፤ እግዜር አወጣኝ።»

«ገብተው ነበር?»

«በባዶ እግሬ፣ በሥርዓቱ። ሲደረመስ በሩጫ ወጣሁ።»

ማኅሌት ተይዛ የፖሊስ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች። የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ወጣትነቷ እስር ቤት ማለቁ ነው።

«ስሌቱን ለእናትሽ እንደምትነግሪ አድርገሽ ንገሪኝ» አለቻት ሰብሌ።

«ግድግዳው ላይ ጥቂት የድምፅ መቀበያዎች አሉ። ስንጥቆቹም ጥቂት ናቸው፤ ሌላው ደህና ድንጋይ ነው። ኮምፒውተሩ ‹ምንም ስንጥቅ የለም› ከሚል ግምት ይነሣል። ከዚያ ከተቀዳው ድምፅ ጋር እያስተያየ ግምቱን በየዙሩ አንድ እርምጃ ያርማል። ለውጡ ኢምንት ሲሆን ‹ደረስኩ› ብሎ ይቆማል።»

«የእርምጃውን መጠን ማን ይወስናል?»

«እኔ። ግን የሰጠሁትን መጠን አንድ ሰው እጅግ አሳንሶታል። ኮምፒውተሩን የምንከፍተው እኔ፣ ዘመኑና ዶክተር ብቻ ነን።»

«እርምጃው ካነሰ ለውጡም ያንሳላ! ገና ከመነሻው ሳይርቅ ደረስኩ ይላል። አህያ መንገድ ላይ ስትገተር ቤት ደረሰች ይባላል እንዴ?»

«ዘመኑም ይህንኑ ይል ነበር። የስሌቱ ዘዴ የዶክተር ነው፤ ስም ያተረፉትም ‹ዘዴዬ ሁልጊዜ እውነተኛው መልስ ላይ ይደርሳል› ብለው ነው። ዘመኑ ዘዴው ሁልጊዜ እንደማይደርስ አረጋግጦ፣ ነገ በጉባኤ ሊናገር ነበር።»

ሰብሌ ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበች። መጀመሪያ የጠየቀችው የደብሩን ቄስ አባ ወልደ ሩፋኤልን ነው።

«አባ፣ ድምፁን ሰምተው ሲደርሱ ዶክተሩን እንዴት አገኟቸው?»

«እዚሁ ቆመው ሲጮኹ፣ ልጄ። ቡት ጫማቸውም እስከ ቅልጥማቸው ታስሯል።»

ሰብሌ ወደ ከፋለ ዞረች። «ከሚናድ ዋሻ በባዶ እግሩ የሚሸሽ ሰው ቆሞ የጫማ ማሰሪያ አያስርም። አልገቡም። ኮምፒውተሩ ደህና ነው እያለ ለምን አልገቡም? መልሱ ውሸት መሆኑን የሚያውቀው እርምጃውን ያሳነሰው ሰው ብቻ ነዋ! ቀድመው በትክክል አስልተው ስንጥቁን አይተዋል። ከዚያ ልጁን መዶሻ አስይዘው ሥሩ ላኩት።» ድምፇ ተለወጠ። «አንተ! ዘመኑ ያገኘብህን ጉድለት እሱኑ መግደያ አደረግኸው!»

ከፋለ አፉን ጠረገ። «ታዲያ የዕድሜ ልክ ሥራዬን አንድ ውርጋጥ ይናደው?»

«ቱ!» አለች ሰብሌ፤ መሬት ላይ ተፋች። አባ አማትበው ፊታቸውን አዞሩ።

ማኅሌት ተለቀቀች። እስካሁን የፈራችው ለራሷ ነበር። አሁን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ለዘመኑ አለቀሰች።