ስድስተኛው ክር

የጊታር መምህሩ ማስተማሪያ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ በኖታ ማስቀመጫው ብረት ተመትቷል። ብረቱ አጠገቡ ወድቋል፤ የመታው ሰው አሻራውን በጨርቅ ጠርጎታል። ጊታሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ገመዱም ወለሉ ላይ ከተቀመጠችው ትንሽ አምፕሊፋየር ጋር እንደተያያዘ ነው።

መርማሪዋ ሬሳውን አይታ ስትጨርስ ጊታሩ ፊት ቁጢጥ አለች። አጭር ሴት ናት፤ ስትጠይቅ ድምፅዋ ከፍ አይልም፣ ስትሰማ ዓይኗ ከሰው ፊት አይነቀልም። የጊታሩ አንገት ላይ፣ ፍሬት ከሚባሉት አግዳሚ ዘንጎች ሁለተኛው አጠገብ፣ ካፖ ተቆንጥጧል። የልብስ መቆንጠጫ የምትመስል፣ ክሮቹን ተጭና ድምፃቸውን የምታቀጥን ብረት ናት። ስድስቱንም ክሮች ተጭናለች። መርማሪዋ ፎቶ ካስነሳች በኋላ ነቀለቻት፤ የውስጥ ጎማዋን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ ተመለከተችና በላስቲክ ከረጢት ከተተቻት።

«ሐኪሙ ምን አለ?» ስትል ረዳት ፖሊሱን ጠየቀችው።

«ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው ብሏል። ግን እኛ አጥብበነዋል። አራት ከሩብ ድረስ ሲጫወት ከታች ተሰምቷል። አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ ሞቶ አገኘችው። በመሃሉ ነው።»

«ማን ሰማው?»

ከታች ልብስ ሰፊ ትኖራለች። መርማሪዋ ስትገባ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም።

«ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከአራት እስከ አራት ከሩብ ያችኑ አንድ ዜማ! ሰዓት መግዛት አላስፈለገኝም» አለች።

«ዛሬም ተጫወተ?»

«ተጫወተ። ብቻ...» መኪናዋን አቆመች። «ያ ወፍራም ክሩ አልነበረም። ሌላ ቀን እሱን ሲመታው ወለሉን አልፎ የአምፖሌን መስታወት ያንቀጠቅጠዋል። ስንት ቀን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ደበደብኩ መሰለሽ! ዛሬ መስታወቱ ዝም አለ። ተመስገን፣ አዘነልኝ አልኩ።»

ሬሳውን ያገኘችው ተማሪ የጥርስ ሐኪም ናት። ኮሪደሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«እጠላው ነበር። እሱንም ይጻፉልኝ» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ።

«ታዲያ ለምን ይማሩ ነበር?»

«ስለሚችል ነዋ! ሌላው አስተማሪ ኮርድ የሚሉትን የጣት አያያዝ አስሸምድዶ ይሸኛል። እሱ ካፖዋን ዛሬ አንድ ቦታ፣ ነገ ከፍ አድርጎ ይገጥምና የጊታሩን አንገት ቤት ለቤት ያስዞረኛል። ጣት የሚይዘው ቅርጽ ያው ነው፤ የኖታው ስም ግን ተለውጧል። ‹አሁን የያዝሽው ምንድን ነው?› ይላል። ከተሳሳትኩ ‹ጥርስም ስትነቅዪ እንዲህ በግምት ነው?› ብሎ በሰው ፊት ያዋርደኛል።»

«ካፖዋን ሁልጊዜ ስድስቱም ክር ላይ ነው የሚገጥማት?»

«የለም! ከታች አስገብቶ አምስቱን ብቻ ነው የሚያስይዛት፤ ወፍራሙ ነፃ ይቀራል። ‹አንዱን ጊታር ሁለት ታደርገዋለች› ይል ነበር። የመጀመሪያ ቀን ትምህርቴ እሱ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እስከ አራት ተኩል ታካሚ ላይ። ከዚያ ብቻዬን። በቃ፣ ጨርሰዋል?»

የመምህሩ የድሮ የባንድ ባልደረባ፣ ሰው ሁሉ «ሪትም» የሚለው መላጣ ሰውዬ፣ ከሷ የባሰ ተቆጥቶ ነበር። አራት ተኩል ላይ ደረጃውን ሲወጣ የታየው እሱ ስለሆነ ረዳት ፖሊሱ ዓይኑን ጥሎበታል።

«አንኳኳሁ፤ ዝም ሲል ተሳድቤ ተመለስኩ። የአምስት ክሩን ዘዴ ያገኘሁት እኔ ነኝ! እሱ መጽሐፍ ሊያሳትምበት ነበር። በስሙ! ለዚህ ብገድለው አይቆጨኝም። ግን አልገደልኩትም።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ስቱዲዮ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ከአራት ሰዎች ጋር ስቀዳ ነበር። አራት ከሩብ አልፎ ነው የወጣሁት። ግን ምን ይጠቅመኛል? የሞተው ከዚያ በኋላ ነው ትላላችሁ።»

መጨረሻ የተጠየቀው የመምህሩ ታናሽ ወንድም ነበር፤ የታክሲ ሹፌር። ከፎቁ ፊት ለፊት ባለው ፀጉር ቤት አራት ሰዓት ከሃያ ገብቶ፣ ጩኸት እስኪሰማ ከወንበሩ አልተነሳም። ፀጉር አስተካካዩም መስክሮለታል።

«ወንድምህ ጊታር አላስተማረህም?» አለች መርማሪዋ።

ሹፌሩ በምሬት ሳቀ። «እኔን? አሥር ዓመቴ ላይ ጊታሩን ብነካ በቀበቶ ገረፈኝ። ‹እጅህ እንጨት ነው› አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሲያስተዋውቀኝ ‹እጀ እንጨቱ ወንድሜ› እያለ ነው። ጊታር ነክቼም አላውቅ። ማስተማሪያ ክፍሉ ውስጥም አያስቆመኝም ነበር።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ አራቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ማንም ከማንም አጠገብ መቀመጥ አልፈለገም። ሪትም መስኮቱን ያዘ፤ ሐኪሟ በሩን፤ ልብስ ሰፊዋ አምፕሊፋየሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሹፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ገዳዩን ካወቅሽው ያዢውና ልቀቂን!» አለ ሪትም።

«ልይዘው ነው» አለች መርማሪዋ፤ ካፖዋን ከከረጢቱ አወጣቻት። «የዚህች ጎማ ላይ ስንት መስመር ይታያችኋል?»

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ አየች። «አምስት። ጠልቀው የገቡ።»

«አምስት። ለዓመታት አምስት ክር ብቻ ስለተጫነች። እኔ ሳገኛት ግን ስድስቱንም ክር ይዛ ነበር። ስለዚህ መጨረሻ የገጠማት ሰው መምህሩ አይደለም። ቀጥሎ፣ የእኚህ እመቤት የአምፖል መስታወት። ወፍራሙ ክር ነፃ ሲሆን ይንቀጠቀጣል። ዛሬ አልተንቀጠቀጠም። ስለዚህ አራት ሰዓት ላይ የተጫወተውም መምህሩ አይደለም።»

ሪትም ዞሮ ጊታሩን አየ።

«ሌላ ሰው ለምን የሱን ዜማ፣ በሱ ሰዓት፣ በሱ ጊታር ይጫወታል? መምህሩ በሕይወት ያለ እንዲመስል ነው። እሱ ግን ያኔ ሞቷል። ግድያው ከአራት ሰዓት በፊት ነው። እናንተ ሁላችሁም ከአራት ከሩብ በኋላ የት እንደነበራችሁ ስታስረዱኝ ዋላችሁ፤ የሚያስፈልገኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሐኪሟ ታካሚ ላይ ነበሩ። ሪትም ስቱዲዮ ነበሩ። ሁለቱም ደግሞ የአምስት ክሩን ነገር ያውቃሉ፤ ካፖዋን ስድስቱም ላይ አይገጥሟትም። የገጠማት ሰው ዜማውን በጆሮው ብቻ የሚያውቅ፣ አያያዙን ቀርቦ እንዲያይ ያልተፈቀደለት ሰው ነው።»

ሹፌሩ ከግድግዳው ተላቀቀ። «እኔን ነው? ጊታር ነክቼ አላውቅም አልኩሽ እኮ!»

«የግራ እጅህን አሳየኝ።»

«አላሳይም።»

«መሪ የሚይዝ ሰው መዳፉ ነው የሚደድረው። ጠዋት ቃልህን ስትፈርምልኝ በግራ እጅህ ወረቀቱን ይዘህ ነበር። የአራቱም ጣቶችህ ጫፍ ደድሯል፤ የቀኝህ ግን ለስላሳ ነው። ይሄን ክር እንጂ ሌላ ነገር አያመጣውም።»

ሪትም ከመስኮቱ ተነስቶ የሹፌሩን ግራ እጅ አፈፍ አድርጎ ያዘና ጣቶቹን ዳሰሰ። ከዚያ እንደ እሳት ለቀቀው። «የሁለት ዓመት ልምምድ ነው» አለ።

«ሁለት ዓመት ከሦስት ወር» አለ ሹፌሩ። ድምፁ ድንገት ዝቅ አለ። «ታክሲዬ ውስጥ፣ ተሳፋሪ ስጠብቅ። ሦስት ኮርድ ብቻ ነበር የማውቀው። ካፖ ገዛሁ። ወዲያና ወዲህ እያደረግኩ፣ ጆሮዬን ደቅኜ፣ ዜማውን አገኘሁት። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲሆን ልክ የሱን ይመስላል። ዛሬ ጠዋት በራሱ ጊታርና በራሱ ካፖ ላሰማው መጣሁ። ደስ ይለዋል ብዬ።»

«ምን አለህ?» አለች ሐኪሟ፣ ሳታስበው።

«ገና ጀምሬ እያለሁ ሳቀ። ካፖዋን ነቅሎ ወረወራት። ‹በአንተ ፈንታ የምትራመድልህ እሷ ናት፤ አንተ አንገቱን አታውቀውም፣ ሽባ ነህ› አለኝ። እየሳቀ ጀርባውን ሰጠኝ።» እጆቹን አየ። «ሲወድቅ ደነገጥኩ። አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ዝም ካለ ከታች ያውቃሉ ብዬ ካፖዋን ከወለሉ አንስቼ ገጠምኩና ተጫወትኩት። ሙሉውን። ሳላቋርጥ።»

ረዳት ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። ሹፌሩ ሳይታገል እጁን ዘረጋ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆሞ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።

«እትዬ፣ እንዴት ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ለማዞር ሞከረች። አልቻለችም።

«ክፉ አልነበረም» አለች በመጨረሻ፣ በቁጣ ማለት ይቻላል። «እሱ መስሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀና ደረጃውን ወረደ።